«ጽሑፌን አሻሽላለሁ» የሚለው ግብ አልሠራም፤ የሠራው ይህ ነው

የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጀመሪያ ግብ ቢጽፉም አንቀጾቻቸው እንደነበሩ ቀሩ። «ጽሑፌን አሻሽላለሁ» የሚል ግብ ልጁን ዛሬ ማታ ምን እንደሚሠራ አይነግረውም። ሁሉም ስሕተት በቀይ ሲታረም ደግሞ ማርኩን አይቶ ደብተሩን ይዘጋል።

መፍትሔው ግቡን ማጥበብ ሆነ። መጀመሪያ ማርክ የማይያዝበት አንድ አንቀጽ በ20 ደቂቃ ይጻፋል። ከዚያ ተማሪው የራሱን ጽሑፍ ይቆጥራል፦ ስንት አራት ነጥብ አለ? «ከዚያ» ስንት ጊዜ መጣ? ኃይለ ቃሉን፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘውን ዓረፍተ ነገር፣ የሚደግፉት መዘርዝር ዓረፍተ ነገሮች ስንት ናቸው? ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ በደብተሩ ሽፋን ውስጥ ይጽፋል፦ «ለሁለት ሳምንት በእያንዳንዱ አንቀጽ ሦስት መዘርዝር ዓረፍተ ነገሮች እጽፋለሁ።»

መምህሩም የሚያርመው ያንን ብቻ ነው። የፊደል ግድፈት እያዩ ማለፍ ይከብዳል፤ ግን ሁሉም ከታረመ ግቡ ይጠፋል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አብረው የሚቀመጡት ደብተር ተለዋውጠው ግቡን በሚመለከተው ቦታ ላይ ያሰምሩ፤ መምህሩ በቀን 10 ደብተር ቢያይ ይበቃል።

ሁለት ነገር ያበላሻል። ጎበዞቹ ቀድሞውኑ የሚችሉትን ይመርጣሉ፤ ስለዚህ ግቡ ከቆጠራው መነሣት አለበት። ሌሎቹ የእጅ ጽሕፈት ማሳመርን ይመርጣሉ፤ ይህ ድርሰቱን አይለውጠውም። ቢሆንም መምህሩ መርጦ አይስጣቸው፤ ያልመረጡትን ግብ በሳምንቱ ይረሱታል።

መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አንቀጽ ጎን ለጎን አድርገው ድጋሚ ይቁጠሩ። ያልደረሰ ተማሪ ግቡን አይቀይር፤ ሦስቱን ወደ ሁለት ዝቅ ያድርግ።