የሜኑን ስም ለማሳጠር የገጽን ርእስ መቁረጥ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ደሴ ላይ ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠሩ ድረ ገጾችን ስጠግን በብዛት የሚመላለስብኝ ብልሽት ይህ ነው። የገጹ ርእስ ረጅም ስለሚሆን በሜኑው (ወደ ገጾቹ በሚወስደው ዝርዝር) ላይ ሁለትና ሦስት መስመር ይይዛል፤ ባለቤቱም ሜኑውን አስተካክላለሁ ብሎ የገጹን ርእስ ራሱን ይቆርጠዋል። ሜኑው ያምራል፣ ገጹ ግን ስሙን ያጣል።

ዎርድፕረስ በ2010 እ.ኤ.አ. ከወጣው 3.0 እትም ጀምሮ እያንዳንዱን የሜኑ መስመር ከገጹ ለይቶ በራሱ መዝገብ ያስቀምጠዋል። ርእሱ በገጹ አናትና በፍለጋ ውጤት ላይ የሚነበብ ሲሆን፣ የሜኑው ስም መንገድ ጠቋሚ ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ የሚመስሉት፣ በሜኑው ላይ የተጻፈው ስም ከርእሱ ጋር አንድ ከሆነ ዎርድፕረስ የስሙን ቦታ ባዶ አድርጎ ስለሚይዘውና ሜኑው በታየ ቁጥር ስሙን ከርእሱ ስለሚዋስ ነው። የተለየ ስም ከተሰጠው ግን ርእሱ ምንም ቢለዋወጥ አይከተለውም።

ስለዚህ ርእሱን ሳይነኩ በዳሽቦርዱ (በድረ ገጹ ማስተዳደሪያ) ላይ ከአፒራንስ ሥር ሜኑስ የሚለውን ይክፈቱ፤ ከገጹ ስም ጎን ያለችውን ቀስት ተጭነው ናቪጌሽን ሌብል በሚለው ሳጥን ውስጥ አጭሩን ስም ይጻፉና ሴቭ ሜኑ የሚለውን ይጫኑ። ሳጥኑን ባዶ ከተዉት ሙሉው ርእስ ተመልሶ ይመጣል።

ይህንን ባለማወቅ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ የላሊበላ አስጎብኚ «ከዐለት የተፈለፈሉት አሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት» የሚል ገጽ ነበረው። ሜኑው ስለጠበበ ርእሱን ቆርጦ «ላሊበላ» አለው። ላሊበላ ንጉሥም ነው፣ ከተማም ነው፤ ገጹን በፍለጋ ያገኘ ሰው ስለየትኛው እንደተጻፈ በምን ይለያል? በዚህ ሳያበቃ የገጹንም አድራሻ ከአዲሱ ርእስ ጋር እንዲመሳሰል ለወጠው፤ አሮጌው አድራሻ ግን ለእንግዶች በሚያድለው ካርድ ላይ ታትሞ ነበር። ዎርድፕረስ ፖስት የሚባሉትን ጽሑፎች አሮጌ አድራሻ መዝግቦ ወደ አዲሱ ያሻግራል፤ ፔጅ ለሚባሉት ገጾች ግን ይህንን አያደርግም። ደንበኞቹ በካርዱ ላይ ያለውን አድራሻ ሲጽፉ «ገጹ አልተገኘም» የሚል ምላሽ ይደርሳቸው ጀመር። ስልክ ደውሎ ያለኝም ሁሉም እንደሚለው ነው፦ «ወንድሜ፣ ርእሱን አሳጠርኩት እንጂ ሌላ ምንም አልነካሁም።» አሮጌውን አድራሻ መልሰን፣ ርእሱን እንደነበረ ጽፈን፣ «ላሊበላ» የሚለውን ወደ ናቪጌሽን ሌብል ስናዛውረው ሥራው አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

አድራሻን ካነሳን፣ ገጹ ሳይታተም በፊት አጭር የላቲን አድራሻ ይስጡት። አንድ የግእዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲመሰጠር 9 ምልክት ይወስዳል፤ የዎርድፕረስ ወሰን 200 ስለሆነ ከ22 ፊደል በላይ አይቀመጥም፣ ረጅም የአማርኛ ርእስም መሀል ላይ ይቆረጣል። ከታተመ በኋላ ግን አድራሻውን አይንኩት። ደግሜ እላለሁ፣ አይንኩት።

ሁለተኛው ደጋግሜ የማየው ምልክት፣ ስሙ በትክክል ተለውጦ ሳለ በድረ ገጹ ላይ ምንም የማይለወጥበት ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ሜኑ በቴሙ (የድረ ገጹን መልክ በሚወስነው ክፍል) ውስጥ ቦታ አለመሰጠቱ ነው፤ ቦታ ያልተሰጠው እንደሆነ ብዙ ቴሞች ያሉትን ገጾች በሙሉ ከነርእሳቸው ይደረድራሉ። ከታች በሜኑ ሴቲንግስ ውስጥ ዲስፕሌይ ሎኬሽን በሚለው ሥር ዋናውን ሜኑ ምልክት ያድርጉበት። ኮምቦልቻ ላይ አንድ የልብስ ነጋዴ አንድን ስም አሥር ጊዜ ያህል ለውጦ፣ በመጨረሻ የቴሙን ፋይል ከፍቶ ስሙን በእጁ ጽፎበት አገኘሁት። ቴሙ ሲታደስ የጻፈው ሁሉ ጠፋ፤ ይጠፋልም። የቴም ፋይል የሜኑ ስም መጻፊያ አይደለም። ከሰው ፍላሽ ላይ የተገለበጠ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ቴም የጫነ ሰው ደግሞ ሜኑው አልሠራ ቢለው ሊገርመው አይገባም፤ እኔም እንዲህ ያለውን ሳልቀይር ሥራ አልጀምርም።

በዳሽቦርዱ ላይ ሜኑስ የሚል መስመር ካጡ ቴሙ በብሎክ፣ ማለትም በሚገጣጠሙ ክፍሎች፣ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ኤዲተር በሚለው ውስጥ የናቪጌሽን ብሎክን ይፈልጉ። በውስጡ ፔጅ ሊስት የሚባለው ካለ፣ ርእሶችን ብቻ ስለሚያሳይ ስም አያስቀይርም፤ መርጠውት ኤዲት ሲሉት ወደ ተለያዩ ሊንኮች ይቀየራል፣ ከዚያም እያንዳንዱን እንደወደዱ መጻፍ ይቻላል። «አምባሰል፣ ባቲ፣ ትዝታና አንቺሆዬ፦ አራቱ ቅኝቶች» የሚለው ገጽ በሜኑው ላይ «ቅኝቶች» ብቻ ቢባል ይበቃዋል። ፔጅ ሊስቱ ወደ ሊንኮች ከተቀየረ በኋላ የሚታተሙ ገጾች ግን በራሳቸው ወደ ሜኑው ስለማይገቡ በእጅ መጨመር ያስፈልጋል።

በአሮጌ የዎርድፕረስ እትሞች በጣም ትልቅ ሜኑ ሲቀመጥ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ይጠፉ ነበር፤ መንስኤውም ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ የሚቀበለውን የመረጃ ብዛት የሚገድበው ማክስ ኢንፑት ቫርስ የሚባለው ወሰን፣ በተለምዶ 1000፣ መሙላቱ ነበር። በዎርድፕረስ ፈንታ ብሎገር የሚባለውን የጉግል አገልግሎት የሚጠቀሙ ሰዎች የገጾች ጋጀት (ገጾችን የሚዘረዝረው ተጨማሪ ክፍል) ርእሱን እንዳለ ስለሚያወጣ በእሱ ፈንታ ሊንክ ሊስት የሚባለውን ይጨምሩና ስሙንም አድራሻውንም ራሳቸው ይሙሉ። በዎርድፕረስ አንድን መስመር ከሜኑው ሰርዘው እንደገና የጨመሩት እንደሆነ ቀድሞ የሰጡት አጭር ስም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ቦታውን ለመለወጥ ብቻ ከሆነ ሳይሰርዙ በማውዝ ይጎትቱት።