«ዳንኤል» ብለው ሲሰይሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ የልጁን ክርስትና ባደረገበት ቀን ድግሱ ላይ ነበርኩ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አያታችን ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ዳንኤል ማለት ምን ማለት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁ። አባትየው ፈጠን ብሎ «አንበሳ የማይበላው ማለት ነው እማማ» አለ። ቤቱ በእልልታ ደመቀ።

ታሪኩን ትርጉም ማድረግ። አባትየው የሳተው እዚህ ላይ ነው። ነቢዩ በአንበሶች ጉድጓድ መጣሉ ስሙን ካገኘ ከብዙ ዓመታት በኋላ የደረሰበት ነገር ነው። ዕብራይስጡ «ዳኒ» እና «ኤል» ሲሆን፣ «ዳኛዬ እግዚአብሔር ነው» ማለት ነው። ለእኛ ደግሞ ሩቅ ቃል አይደለም። ግዕዙ «ደየነ» ሲል ፈረደ ማለቱ ነው፤ የእኛው «ዳኛ»ም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። በእስራኤል እስከ ዛሬ የሃይማኖት ፍርድ ቤት «ቤት ዲን»፣ ዳኛውም «ዳያን» ይባላል። ይህን ያህል ቅርብ የሆነ ስም ይዘን ለልጃችን የአንበሳ ተረት ብቻ ማውረስ ያሳዝነኛል።

ፍርድን ቅጣት ብቻ አድርጎ መስማት። ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ለእኔ ይህ ነው። ትርጉሙን ሲሰሙ «ፍርድ በሕፃን ላይ ይጠራል?» ብለው የሚደነግጡ ወላጆች አጋጥመውኛል። መልሱ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ላይ አለ። ራሔል ልጅ አጥታ ስታለቅስ ኖራ፣ አገልጋይዋ ባላ ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ «እግዚአብሔር ፈረደልኝ» አለችና ስሙን ዳን ብላ ጠራችው። «ፈረደልኝ» እንጂ «ፈረደብኝ» አላለችም። አማርኛ ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ይሸከመዋል። የተገፋ ሰው ዳኛ የሚፈልገው ሊቀጣው ሳይሆን እንባውን ሊያብስለት ነው፤ ጉልበተኛ ሲመጣበት «በሕግ አምላክ!» ብሎ የሚጮኸውም ለዚሁ ነው። ዳንኤል የሚለው ስም ያንን ጩኸት የሚሰማውን አምላክ ይጠራል። ያን ዕለት ይህን ለአያታችን ስነግራቸው የሕፃኑን ግንባር በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ «እንግዲያስ ይፍረድልህ» አሉት።

ዳንኤልን እሳት ውስጥ መጨመር። ወደ እቶኑ የተጣሉት ሠለስቱ ደቂቅ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ናቸው። የእርሱ ፈተና ጉድጓዱ ነው።

ሁለቱን ብልጣሶሮች ማምታታት። በባቢሎን ለዳንኤል የወጣለት ስም በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ብልጣሶር ነው። በምዕራፍ 5 ግብዣ አድርጎ የግድግዳውን ጽሑፍ ያየው ንጉሥም ብልጣሶር ተብሏል። በዕብራይስጥና በአረማይክ ግን ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ አንድ ያስመሰላቸው የእኛ አጻጻፍ ነው። ለልጆች ሲያነቡ እዚህ ላይ ቆም ብለው ቢያስረዱ ጥሩ ነው፤ አለዚያ ነቢዩ ራሱ ደጋሽ ራሱ ተርጓሚ ይሆንባቸዋል።

ነቢዩን የዳን ነገድ ሰው ማድረግ። የስሞቹ ሥር አንድ ነው፤ ትውልዱ ግን ሌላ ነው። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 ከይሁዳ ልጆች እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ይህ ለቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ተራ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በወቅቱ ከእስራኤል ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የመጡ አይሁድ ናቸው ብለው ሲወስኑ የተናገሩት ስለ ያዕቆብ ልጅ ስለ ዳን ነገድ ነው። ነቢዩ ዳንኤል በዚህ ውስጥ የለበትም።

ስሙን የከተማ ዘመናዊ ስም ወይም የአንድ ሃይማኖት ብቻ አድርጎ መቁጠር። በአክሱም የተገኘ የግዕዝ የድንጋይ ጽሑፍ «ሐፃኒ ዳንኤል» የተባለ ገዥ ያወሳል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ አጎትና መምህር የነበሩት የገርዓልታው ደብረ ማርያም አበምኔትም አባ ዳንኤል ነበሩ። ሙስሊሞች ዳንያል ይሉታል፤ በኢራን ሹሽ ከተማ መቃብሩ ነው የሚባለውን ስፍራም ይሳለማሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ለወንድ ሕፃናት በብዛት ከወጡ ስሞች አምስተኛው ዳንኤል ነበር። በእስራኤል ደግሞ ለሴት ልጅም ይወጣልና፣ እዚያ የምትኖሩ ወላጆች ዳንኤል የምትባል የክፍል ጓደኛ ልጃችሁን ቤቱ ድረስ ብትሸኘው አትገረሙ።

ፊደሉን ችላ ማለት። በዕብራይስጥ «ኤል» የሚጀምረው አሌፍ በተባለው የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ስለዚህ በአልፋው «ኤ» እንጂ በዓይኑ «ዔ» አይጻፍም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን ጣጣው ይበዛል። የአባቱ ስም ዳንኤል የሆነ አንድ ጎረቤቴ ልደት ካርዱ ላይ ከ«ኤን» ቀጥሎ «አይ» አለ፣ ፓስፖርቱ ላይ የለም። ወደ ውጭ ሊሄድ ሲነሳ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ወራት ፈጀበት። ለልጅዎ የልደት ምስክር ወረቀት ሲያወጡ ጸሐፊው እንደ መሰለው እንዲጽፈው አይተዉት፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ይንገሩት፣ ከጠረጴዛው ሳይነሱም ያንብቡት።