ክላስተሩ አስቸገረ፤ ሰርቨሩን ማን ይያዘው?

«ሰርቨሩን አቅራቢው ያስተዳድርልን ወይስ ራሳችን እንያዘው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሳው አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔም ከብልሽቱ ልጀምር። የማወራው ስለ ክላስተር ነው፤ አብረው እንደ አንድ ሆነው ቪኤሞችን (በአንድ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ሆነው የሚሠሩ፣ በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮችን) ስለሚያስኬዱ ሰርቨሮች። አንዳንዱ ችግር አስተዳዳሪ ሲቀየር ይፈታል። አንዳንዱ ደግሞ ማንም ቢይዘው ያው ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

ቪኤሙ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው አልዛወር አለ

ራሳቸው የሚያስተዳድሩ ሰዎች ሰርቨር የሚገዙት በጀት በተገኘ ቁጥር ነው። ዛሬ 2፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 1። አዲሱ ፕሮሰሰር የሚያውቃቸውን አንዳንድ ትዕዛዞች አሮጌው አያውቃቸውም። አዲሱ ላይ የተነሳ ቪኤም እየሠራ እያለ ወደ አሮጌው ልውሰድህ ቢሉት እምቢ ይላል።

ቪኤሞቹን የሚያስኬደው ሶፍትዌር (ሃይፐርቫይዘሩ) ቪኤምዌር ከሆነ፣ አዲሱ ፕሮሰሰር እንደ አሮጌው እንዲታይ የሚያደርገውን ኢቪሲ የተባለ ቅንብር በአሮጌው ፕሮሰሰር ልክ አብሩት። ሌላው ሃይፐርቫይዘር፣ ፕሮክስሞክስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የሲፒዩውን ዓይነት «ሆስት» (የሰርቨሩን ፕሮሰሰር እንዳለ) ከማለት ሁሉም ሰርቨሮች የሚችሉትን የጋራ ሞዴል ምረጡ። ከዚያ ቪኤሙ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ይነሳ፤ ከውስጥ ሪስታርት ማድረግ አይበቃም። ኢንቴልና ኤኤምዲ ቀላቅላችሁ ከሆነ ግን ሳያጠፉ ማዛወሩን እርሱት። ለዚህ ብላችሁ ወደ አቅራቢ አትሂዱ። ችግሩ የግዢ ነው።

ዲስኮች ተከታትለው ሞቱ፣ ወይም ሰርቨሩ ያለ ምክንያት መውደቅ ጀመረ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ውሳኔው በአብዛኛው የሚወሰነው እዚህ ነውና።

በኖቬምበር 2019 የሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ ስለ አንዳንድ የኤስኤስዲ ዲስክ ሞዴሎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ ተጭኖ የሚመጣ፣ ዕቃውን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ስህተት ምክንያት ዲስኮቹ 32,768 ሰዓት እንደሠሩ ይሞታሉ፤ ማለትም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ሲሞላቸው። (ቁጥሯን ፕሮግራመሮች ወዲያው ያውቋታል፤ 15 ሁለቶች ሲባዙ የምትገኘው ናት።) ዳታውም አይመለስም። አንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ዲስኮች የሚሞቱትም አብረው ነው። ሬይድ፣ ዳታን በብዙ ዲስኮች ላይ የማከፋፈል ዘዴ፣ አንድ ወይም ሁለት ዲስክ ሲሄድ ያድናል እንጂ ሁሉም ሲሄዱ ምን ያደርጋል? መድኃኒቱ ደግሞ አንድ የፈርምዌር አፕዴት ነበር። ማስጠንቀቂያውን ያነበበ ተረፈ።

ብዙ ቦታ ቪኤሙ ባለቤት አለው፣ ኔትወርኩ ባለቤት አለው፣ ፈርምዌሩ ግን የማንም አይደለም። ራሳችሁ የምትይዙ ከሆነ የእያንዳንዱን ሰርቨር ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፈርምዌር)፣ የዲስክ፣ የሬይድ ካርድና የኔትወርክ ካርድ ቨርዥን የያዘ ሰንጠረዥ ይኑራችሁ። የአምራቹ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል የሚደርሰው ሰው ይመደብ። አፕዴት ስታደርጉ ቪኤሞቹን ከአንድ ሰርቨር አውጡ፣ አፕዴት አድርጉ፣ ጥቂት ቀን ታዘቡት፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። አንዳንድ አምራቾች ፈርምዌር የሚሰጡት ዋስትና ወይም ኮንትራት ላለው ብቻ ነው። ያገለገለ ሰርቨር ስትገዙ ይህን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ይህን በየጥቂት ወሩ የሚሠራ ሰው ከሌላችሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአቅራቢው ስጡት። እንደ ኑታኒክስ ወይም የዴል ቪኤክስሬይል ያሉ ሲስተሞች ሃይፐርቫይዘሩንና ፈርምዌሩን አብረው የተፈተሹበት አፕዴት ይሰጣሉ። ውድ ናቸው። የምትገዙት ግን ብረቱን (ማሽኑን) ብቻ አይደለም፤ ያንን ሰንጠረዥ የሚይዝላችሁንም ሰው ነው።

አቅራቢው ይዞታል፣ ጥገናው ግን ቀናት ይፈጃል

ኮንትራቱን አውጥታችሁ «4 ሰዓት» የሚለውን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ የምላሽ ሰዓት ነው እንጂ የጥገና አይደለም። አንዴ በዚህ ተሸውጃለሁ። ደወሉልኝና «ሪፖርትዎ ደርሶናል» አሉኝ። 4 ሰዓቷ በዚያች ስልክ ተሟላች፤ ፓወር ሰፕላዩ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ጥገና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ አጽፉ። እንደዚያ የሚያደርግ ኮንትራት ከሌለ ቶሎ የሚበላሹትን፣ ዲስክና ፓወር ሰፕላይን፣ መለዋወጫ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ።

የሴኪዩሪቲ ፓች (የደህንነት ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት) ሲዘገይባችሁም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አቅራቢው ፓቹን ከራሱ ጥቅል ጋር ፈትሾ እስኪለቅ ትጠብቃላችሁ። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

አንድ ሰርቨር ወደቀ፣ ሁሉም ቆመ

ይሄኛው አስተዳዳሪ ቢቀያየር አይድንም። እንደ ፕሮክስሞክስ ያለ ክላስተር ሥራውን የሚቀጥለው ከግማሽ በላይ የሆኑት ሰርቨሮቹ በሥራ ላይ ሲሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ድምፅ አለው። ሁለት ሰርቨር ብቻ ካላችሁ አንዱ ሲጠፋ የቀረው ብዙኃን ድምፅ አይኖረውም፤ ስለዚህ ይቆማል። ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ ትንሽ ማሽን ጨምሩ። 3 ሰርቨር የአንዱን መውደቅ ይችላል፣ 5 የሁለት። 4 ግን እንደ 3ቱ አንድ ብቻ ነው የሚችለው።

ድምፁ ሞልቶ ቪኤሞቹ ካልተነሱ ሜሞሪውን እዩ። እኩል የሆኑ 3 ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 80 በመቶ ከተሞሉ፣ አንዱ ሲወድቅ የእሱ ጭነት የሚያርፍበት ቦታ የለም። ከ66 በመቶ በታች ያዙት።

ሁለቱም ወገን «የእኛ አይደለም» ይላል

ብረቱ የአቅራቢው፣ ሃይፐርቫይዘሩ የእናንተ ሲሆን የሚመጣ ጣጣ ነው። መሃሉ ላይ ያሉት ድራይቨሮች (ሃይፐርቫይዘሩን ከብረቱ ጋር የሚያገናኙት ሶፍትዌሮች) ባለቤት ያጣሉ፤ ከዚያ ጣት መቀሳሰር ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ማን አፕዴት እንደሚያደርግና ችግር ሲፈጠር ማን ቀድሞ እንደሚነካው በአንድ ገጽ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። የአይድራክ ወይም የአይሎ (ሰርቨሩን ከርቀት ማስተዳደሪያዎች) የይለፍ ቃል በማን እጅ እንዳለም እዚያው ገጽ ላይ ይግባ። ሌሊት ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።