ኮች ልያዝ ወይስ ቴራፒስት ጋ ልሂድ?

ኮች ስል የስፖርቱን አሰልጣኝ ሳይሆን ያሰባችሁበት እንድትደርሱ በውይይት የሚያግዛችሁን ሰው ነው፤ ቴራፒስት ደግሞ የአእምሮ ሕመምን በንግግር የሚያክም ባለሙያ ነው። «ኮች ስለ ነገ፣ ቴራፒስት ስለ ትናንት ያወራል» የሚሉ አሉ። ለማስታወስ ይቀላል እንጂ ብዙም አያስኬድም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስጀመረው ኮግኒቲቭ ቴራፒ ለምሳሌ ከልጅነት ታሪክ ይልቅ ዛሬ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የሚመላለሰውን ሐሳብ ነው የሚፈትሸው፤ የቤት ሥራ ሁሉ አለው። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፈቃድ ያለው ቴራፒስት ሕመምን ማከም ሥራው ነው። ኮች ግን ሕመም አለብህ የለብህም ማለትም፣ ማከምም አይችልም። እሱ የሚያግዘው በመሠረቱ ደህና ሆኖ፣ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ እያወቀ መንገድ ላይ የሚቸገረውን ሰው ነው።

«ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ» ብላችሁ ለሁለቱም ብትነግሯቸው ጥያቄያቸው ራሱ ይለያያል። ኮቹ «ስንት ሰዓት መነሳት ነው የምትፈልገው? ባለፈው ሳምንት በሰዓቱ የተነሳህበት ቀን አለ? ያን ቀን ምን የተለየ ነገር ነበር?» ይላል። ከዚያ ለሳምንቱ አንድ ትንሽ ነገር ትስማማላችሁ፣ ስልኩን ከአልጋ አርቆ ማደር ሊሆን ይችላል፣ በሚቀጥለው ስትገናኙ ሆነ አልሆነም ትነጋገራላችሁ። ቴራፒስቱ ደግሞ «ከመቼ ጀምሮ? እንቅልፍህስ? የምግብ ፍላጎትህስ? ድሮ ደስ ይሉህ የነበሩ ነገሮች አሁንም ደስ ይሉሃል? መኖር ያስጠላህ ጊዜ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ምክንያቱም ያው አለመነሳት ልማድም፣ ድባቴም ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ችግር ወይም የደም ማነስ ሆኖ ሐኪም ጋ የሚያልቅም አለ።

ታዲያ የት ልሂድ ለሚለው፣ መጀመሪያ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ዞር ብላችሁ እዩ። ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ከፍቷችሁ ወይም ምንም ነገር አላስደስት ብሏችሁ ከሆነ፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ፣ ምግብ ወይም ሥራ ከተዛባ፣ ኮች ፍለጋውን ተዉትና ሐኪም ወይም ቴራፒስት ጋ ሂዱ። ድንገት ልብ የሚያርድ ፍርሃት የሚመላለስባችሁ፣ የደረሰባችሁ ነገር በቅዠት የሚመጣባችሁ፣ መጠጡን ወይም ሌላ ሱስ መቆጣጠር ያቃታችሁም እንደዚያው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሩና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ይህ ሁሉ ከሌለ፣ ሥራ ልቀይር አልቀይር እያላችሁ ከሆነ፣ እምቢ ማለት ካልሆነላችሁ፣ ነገሮችን ለነገ እያሉ ማሳደር ካስቸገራችሁ፣ ኮች ጥሩ ነው። ሕክምና ላይ ሆኖ ኮች መያዝም ይቻላል። ግን ሁለቱም ስለ ሁለቱም ይወቁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። በብዙ አገሮች «ኮች» የሚለው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ አይደለም፣ ማንም ተነስቶ ነኝ ማለት ይችላል። እንግሊዝ አገርማ «ሳይኮቴራፒስት» የሚለውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ቴራፒስትን ፈቃድህ ወይም የሙያ ምዝገባህ ከማን ነው በሉት፣ ኮችን የት ሰለጠንክ፣ ስንት ሰዓት ሠርተሃል በሉት። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ 60 ሰዓት ስልጠናና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል። ደህና መነሻ ነው፣ ግን የምስክር ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ኮቺንግ ችሎታ እንጂ ስለ አእምሮ ሕመም እውቀት አይደለም።

ምስጢርን በተመለከተ፣ ቴራፒስት በአብዛኛው በሕግና በሙያ ሥነ ምግባር የታሰረ ነው፣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር። ኮች ጋ ያላችሁ ዋስትና ውሉ ላይ የተጻፈው ነው፤ አንብቡት፣ ካልተጻፈ አስጽፉ።

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ግን «ምን ስታይ ነው ወደ ሌላ ባለሙያ የምትልከኝ?» የሚለው ነው። ሥራውን የሚያውቅ ኮች ሳያመነታ ይመልሳል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ የድሮ ጠባሳ እየተነሳ ካስቸገረ፣ ብሎ ይዘረዝርላችኋል። «እኔ ጋ የማይፈታ ነገር የለም» ብሎ ከመለሰላችሁ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። የስድስት ወር ክፍያ በቅድሚያ የሚልም፣ መድኃኒትህን ተወው የሚልም ያው ነው። የድባቴ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የማዞር፣ የመነጫነጭና እንቅልፍ የመንሳት ጣጣ ሊያመጣ ስለሚችል እሱን የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ብቻ ነው።

ከጀመራችሁ በኋላም ሦስት አራት ጊዜ ተገናኝታችሁ ምን እንደተለወጠ ጻፉ። ምንም ካልተነቃነቀ በግልጽ ንገሩት። እየባሰባችሁ ከሆነ ግን የከፈላችሁበት ጊዜ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ በዚያው ሳምንት ቴራፒስት ጋ ቀጠሮ ያዙ።