የአይዲያል ጋዝ ስሌት አልመጣ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ግፊት ሲባዛ በይዘት (ጋዙ በያዘው ቦታ) እኩል ነው የሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) ብዛት ሲባዛ በአር (R፣ የጋዝ ቋሚ ቁጥር) ሲባዛ በሙቀት። ቀመሩ ይቺው ናት። መልሱ አልመጣ ሲል ብዙ ሰው እሷን ይጠራጠራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምፈትሸው የገቡትን ቁጥሮች ነው።

ጋዙን ከ27 ወደ 54 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳሞቀው ግፊቱ በስሌቱ እጥፍ ሆነ። ሴንቲግሬዱ እንዳለ ገብቷል ማለት ነው። የሴንቲግሬድ ዜሮ ውኃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው፤ የሙቀት መነሻ አይደለም። 273.15 ደምሩና ከሙቀት መነሻ ወደሚቆጥረው ኬልቪን ቀይሩት። ይዘቱ ካልተቀየረ እውነተኛው ጭማሪ 9 በመቶ ብቻ ነው።

አንድ ሞል ጋዝ በ0 ዲግሪና በ1 አትሞስፌር 2271 ሊትር ወጣ። መሆን የነበረበት 22.4 ነው። አር ከአሃዶቹ ጋር አልተስማማም። 8.314 የሚሄደው ከፓስካልና ከሜትር ኩብ ጋር ነው። በሊትርና በአትሞስፌር ስትሰሩ 0.0821 አስገቡ።

የጎማው ጌጅ 2.2 ባር ይላል፤ ስሌቱ ግን ይስታል። ጌጁ የሚያሳየው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። የከባቢ አየሩን ግፊት ጨምሩበት። በባህር ጠለል ላይ ከሆናችሁ ወደ 3.2 ይመጣል።

ሁሉም ትክክል ነው፤ ጋዙ ግን አልታዘዝ አለ። ደስ የሚለው ጉዳይ ይሄ ነው። ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር ውስጥ 6 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ እንበል። በ20 ዲግሪ ቀመሩ ወደ 330 ባር ይሰጣል። ጌጁ ላይ ያለው ግን 56 ገደማ ነው። ጋዙን ቀስ እያላችሁ ብትጠቀሙም መርፌው ንቅንቅ አይልም። ጌጁን ለመቀየር አትቸኩሉ።

ቀመሩ ሞለኪውሎቹን ቦታ እንደማይዙ፣ እርስ በርስም እንደማይሳሳቡ አድርጎ ነው የሚቆጥራቸው። ተራርቀው ሲበሩ ይህ ያስኬዳል። ሲጨናነቁ ግን መሳሳባቸው ያይላል። እዚህ ሲሊንደር ውስጥማ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኗል። የወጣውን ጋዝ ፈሳሹ እየተነነ ይተካዋል፤ መርፌው በደንብ መውረድ የሚጀምረው ፈሳሹ ሲያልቅ ነው። የቀረውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሲሊንደሩን መዝኑና የባዶውን ክብደት ቀንሱ።

ጋዙ ፈሳሽ ሳይሆን ከቀመሩ ከራቀስ? የፊዚክስ ሊቁ ቫን ደር ዋልስ በ1873 ያቀረበውን ቀመር ሞክሩ። ሁለት ቁጥሮች ይጨምራል፤ አንዱ ለመሳሳቡ፣ ሌላው ሞለኪውሎቹ ለሚይዙት ቦታ። ለየጋዙ ስለሚለያዩ ከሠንጠረዥ ውሰዷቸው። በክፍል ሙቀትና በአንድ አትሞስፌር ላለ አየር ግን ይህን ሁሉ መልፋት አያስፈልግም፤ የአይዲያሉ ቀመር ይበቃል።