ሴቶችን ኮምፒውተር ስናሠለጥን ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎንደር ውስጥ ለሴቶች የኮምፒውተር ሥልጠና መስጠት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። የሚመጡት አብዛኞቹ ከገጠር መጥተው ሰው ቤት የሚሠሩ፣ ትምህርት ያቋረጡ ወይም ልጅ ለብቻቸው የሚያሳድጉ ናቸው። ሲቀሩ «ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ብያለሁ፤ ተሳስቼ ነበር። ልጅቷን የሚያስቀራት ብዙ ጊዜ እኛው የሠራነው ስህተት ነው።

ሰዓቱን ለአሠልጣኙ እንዲመች መቁረጥ

ከሥራ በኋላ ይሻላል ብለን 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን። ስንጨርስ ጨልሟል። ፒያሳ አካባቢ ለምትኖር ላይከብድ ይችላል። አዘዞ ለምትገባው ግን ባጃጅ ይጠፋል፤ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው። ሰው ቤት የምትሠራው ደግሞ እራት በሚሠራበት ሰዓት እንዴት ትውጣ? ቀድማችሁ ራሳቸውን ጠይቁ። እኛ ጋ የሠራልን ከምሳ በኋላ ያለው ነው፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ልጅ ላላቸው ጥግ ላይ ምንጣፍ አነጠፍን፤ በየተራ አንዷ ልጆቹን ትይዛለች። ወጪያችን ምንጣፉ ብቻ ነው።

አንድ ኮምፒውተር ለሦስት ማድረግ

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ማውዙን የምትይዘው ያችው ቀድሞ ነክታ የምታውቀው ናት። ሁለቱ ያያሉ። መጨረሻ ላይ ሦስቱም ሰርተፍኬት ይወስዳሉ፤ መሥራት የምትችለው አንዷ ብቻ ናት።

አንዲት ልጅ ነበረች። ሳምንት ሙሉ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አላወጣችም። አንድ ቀን ለብቻዋ አስቀመጥኳት። ጣቷን ወደ ቁልፉ አስጠጋችና መልሳ ሰበሰበችው። «እታለም፣ ብነካው አይበላሽም?» አለችኝ። ለካ ሰው ቤት ስትሠራ ብርጭቆ ሰብራ ከደመወዟ ተቆርጦባት ያውቃል። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተር ቢበላሽ ስንት እንደሚቆረጥባት እያሰበች ነበር የተቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ማጥፋትና ማብራት ነው። ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ የተሰረዘውን ይመልሳሉ። «አበላሹት» እላቸዋለሁ። ስድስት ኮምፒውተር ለአሥራ ስምንት ልጆች ካለን በሦስት ፈረቃ እንከፍላቸዋለን። ሦስት ሰዓት ከማየት አንድ ሰዓት በራስ እጅ መንካት ይበልጣል።

በኮዲንግ መጀመር

የመንግሥት የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ኮዲንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ የሁሉም ወሬ ሆኗል። በነፃ መሰጠቱ ትልቅ ዕድል ነው፤ የደረሱትን እኔም እልካለሁ። ኪቦርድ ነክታ ለማታውቅ ልጅ ግን የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት አይሆንም። ከምታውቀው ጀምሩላት። ብዙዎቹ ቴሌብር ይጠቀማሉ። ዕቁብ ይጥላሉ። እኔ ኤክሴልን የማስተምረው በዕቁብ መዝገብ ነው፦ ስም፣ የጣለችው ብር፣ የቀረባት፣ የደረሳት። ድምሩ ራሱ ሲወጣ ሲያዩ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ቀጥሎ የአማርኛ ጽሕፈት ነው። ይሄን ብዙ አሠልጣኝ ይንቀዋል። ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤቶች የሚፈልጉት ግን ማመልከቻ ቶሎ ቶሎ የሚጽፍ፣ «ሠ» እና «ሰ» የት የት እንደሚገቡ የሚያውቅ ሰው ነው። ለብዙዎቹ የመጀመሪያው ደመወዝ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኢሜሏን በሌላ ሰው ስልክ መክፈት

ለመፍጠን ሲባል አሠልጣኙ ኢሜል ይከፍትላታል። የይለፍ ቃሉን እሱ ያውቀዋል፤ ማረጋገጫ ቁጥሩም የሚገባው እሱ ስልክ ላይ ነው። አንዳንዴ የራሷ ሲም እንኳ በወንድሟ ወይም በአሠሪዋ ስም የወጣ ነው። ከሦስት ወር በኋላ «ለፈተና ይምጡ» የሚል መልእክት ይገባል። ማን ያነበዋል? ይሄ እኛም ላይ ደርሷል፤ ልጅቷ የሰማችው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። አሁን ሲሙ በራሷ ስም እስኪወጣ አንድ ሳምንት ብንዘገይም እንጠብቃለን። ኢሜሉን ራሷ ትከፍታለች። የይለፍ ቃሉን እኔም አላየውም።

ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ ማቀድ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ የጎንደር ሰው አይረሳም። መብራትም ይሄዳል። ቪዲዮውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ በፍላሽ ያዙ፣ የታተመ ገጽም ይኑራችሁ።

ሰርተፍኬት ሰጥቶ መሰናበት

የምረቃው ፎቶ ከተነሳ በኋላ ብዙው ሥልጠና ያበቃል። ከባዱ የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። ሲቪያቸውን ከአንድ ናሙና ሲገለብጡ አይቼ አዝኛለሁ፤ አሥራ አምስቱም «በቡድን መሥራት እወዳለሁ» ይላሉ። ይልቅ ያችን የዕቁብ መዝገብ አትማ ትያዝ፣ የጻፈችውን ማመልከቻ ታሳይ። ቀጣሪዎች የሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ ማረጋገጫ ሊጠይቁ ስለሚችሉ፣ የት እንደምትፈተን ከወዲሁ ንገሯት።

ሌላም አለ። ሥራ ፈላጊ መሆኗን ያወቀ ሁሉ ይደውልላታል። «ሥራው አለ፣ መመዝገቢያ ብቻ ላኪ» ይላታል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛ ክፍያ አይቀበልም። ይሄን በክፍል ውስጥ ጮክ ብላችሁ ንገሯቸው። «ማታ ሆቴል ነይ፣ እናውራ» የሚልም ስለማይጠፋ፣ ቃለ መጠይቅ ስትሄድ የምትሄድበትን ለአንዷ ጓደኛዋ ነግራ ትሂድ።

እኔ ከተመረቁ በኋላ በአንድ ወር፣ በሦስት ወር፣ በስድስት ወር እደውልላቸዋለሁ። ባለፈው የደወልኩላት ያችው ብርጭቆ የሰበረችው ልጅ ናት። አሁን የምትሠራው ጽሕፈት ቤት ነው። ስልኩን አነሳችና «እታለም፣ ሰው ቆሞብኛል፤ ይቺን ማመልከቻ ልጨርስና እደውላለሁ» ብላ ዘጋችው።