ሙቅ ውሃ ሳይኖር፣ ብዙ ሳያወጡ ፊትን እንዴት ማጽዳት ይቻላል

የኅዳር ጠዋት ነው፤ 12 ሰዓት ተኩል። መብራት የለም። ከጀሪካን የተቀዳው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። በእንዲህ ያለ ጠዋት ብዙዎቻችን ዓይናችንን ጠረግ፣ ፊታችንን ረጨት አድርገን ወደ ታክሲ ሰልፍ እንሮጣለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። ማታ ደግሞ በሚፋጅ ውሃ እያሸሁ የጠዋቱን ለማካካስ እሞክር ነበር። ያተረፍኩት ጉንጬ ላይ የሚፈረፈር ድርቀት ነው።

ፊት ለመጽዳት የግድ ሙቅ ውሃ አይፈልግም። በጣም የሞቀ ውሃ እንዲያውም ቆዳ ራሱን የሚጠብቅበትን ቅባት አጥቦ ይወስደዋል። የቆዳ ሐኪሞች የሚመክሩት ለብ ያለ ውሃ ነው። እሱ ከሌለ ቀዝቃዛውም ይሆናል፤ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ቅባት ለማስለቀቅ ደካማ ነው። ወጥ የተበላበት ሳህን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ሲታጠብ እጅ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት አስቡት። ስለዚህ የሙቀቱን ሥራ ሌላ ነገር ይሥራው፦ ዘይት፣ ጨርቅና ትንሽ ትዕግሥት።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጆግ ውሃ፣ አንድ ሳህን፣ ሁለት ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አዘጋጁ። ያረጀ ቲሸርት ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ ቧንቧው እንደተለቀቀ የሚወርደውን ደፍራሽ ውሃ ለፊት አትቅዱ። እስኪጠራ ጠብቁት።

መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። በቆሸሸ እጅ ፊት ማሸት ድካም ብቻ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ዘይት ነው። ሜካፕ ወይም ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ከተቀባችሁ፣ ወይም ቀኑን በአቧራ ውስጥ ከዋላችሁ አትዝለሉት። ፊታችሁ ደረቅ እንደሆነ፣ በደረቅ እጅ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ዘይት ተቀቡና በጣታችሁ ጫፍ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀስ አድርጋችሁ እሹ። አፍንጫ ግራና ቀኝ፣ አገጭ ላይና ጸጉር መብቀያው አካባቢ ቆይት በሉ። ዘይት ዘይትን ያሟሟል፤ ለዚህ ሥራ ሙቀት አይፈልግም። ወጥ ቤት ያለው የሱፍ ዘይት ይበቃል፤ የተጠበሰበት እንዳይሆን ብቻ። የሚረጋ ዘይት ግን ይቅር። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ ገደማ በታች ይረጋል፤ አዲስ አበባ ጠዋት ላይ ጠርሙሱ ውስጥ ነጭ ሆኖ የምታዩት ለዚህ ነው። በላዩ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨመርበት ፊት ላይ ይጋገራል። ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ቆዳውን ሊደፍንበት ይችላል።

ከዚያ ጨርቁን አርጥባችሁ፣ ጨመቅ አድርጋችሁ፣ ሳትፈትጉ ጥረጉት። መጀመሪያ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ዘርጋ አድርጋችሁ እዩት። ከመርካቶ የተመለስኩ ቀን ጥቁር ግራጫ ሆኖ ነው የማገኘው። ያ ሁሉ በውሃ ርጭት ብቻ አይወርድም ነበር።

ቀጥሎ የተረፈውን ዘይት ማስለቀቅ ነው። ሽታ የሌለው፣ ለስላሳ የፊት ሳሙና ካላችሁ መዳፋችሁ ላይ አረፋ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ከሌለ አጃ አለላችሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ በደንብ የላመ የአጃ ዱቄት በትንሽ ውሃ ለውሱት፤ ወተት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። እሱን ፊት ላይ በስሱ አዳርሱት። አጃ በተፈጥሮው ሳፖኒን የሚባል፣ እንደ ሳሙና የሚያጥብ ነገር አለው። እንዶድም ያው ሳፖኒን ነው ያለው፤ ግን እጅግ ኃይለኛ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩት ለዚሁ ነው። ልብስ ያንጻ፤ ፊትና ዓይን አካባቢ ግን አይድረስ።

የልብስ ሳሙናና ኦሞም እንዲሁ። የቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 አካባቢ ነው፤ ተራ ሳሙና ግን ብዙውን ጊዜ 9 እና 10 ይደርሳል። ፊት ከታጠበ በኋላ ውጥር የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የንጽሕና ምልክት አይደለም። ሎሚን በተመለከተ ደግሞ እለምናችኋለሁ፤ ፊታችሁን በሎሚ አትሹ። አሲዱ ያቃጥላል፤ የሎሚው ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ቆዳን እስከ ማቁሰልና ጥቁር ነጠብጣብ እስከ መተው ይደርሳል።

አሁን ማለቅለቅ። ከጆጉ በመዳፍ እየቀዳችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ካፈሰሳችሁ ይበቃል። ቅዝቃዜው ከከበዳችሁ ንጹሑን ጨርቅ እየነከራችሁ ደጋግማችሁ ጥረጉ፤ እንደ ርጭቱ አያስደነግጥም። ቀዝቃዛ ውሃ የቆዳ ቀዳዳ ይዘጋል ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ አይዘጋም፤ ሙቅ ውሃም አይከፍተውም። ቀዳዳዎቹ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ጡንቻ የላቸውም።

ስታደርቁ በፎጣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ይሁን። ፎጣው ደግሞ የግል ይሁን። አንድ ፎጣ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው፤ ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብ ይህን በሽታ ለመከላከል ከሚመከሩት ነገሮች አንዱ ነው፤ ለዚያም ሙቅ ውሃ አያስፈልግም። ጨርቆቹን አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ።

ፊታችሁ እርጥብ እርጥብ እያለ ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን ሁለት ጠብታ መዳፍ ላይ ከውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ተቀቡ። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለወራት ይቆያል። በጣም የሚደርቅባችሁ ከሆነ በላዩ ስስ ቫዝሊን ጨምሩ። ይህን ሁሉ ማታ ማታ አድርጉት፤ ጠዋት በውሃ ብቻ መለቅለቅ ለብዙ ሰው በቂ ነው። ቆዳው የሚያሳክክ፣ የሚቆስል ወይም የሚያም ብጉር ከወጣበት ግን የቤት ዘዴውን ትታችሁ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለልጅ ወይም ለአረጋዊ ቀዝቃዛው ከከበደ፣ ማታ ለሻይ ውሃ ስታፈሉ አንድ ብርጭቆ በፔርሙዝ አስቀሩ። ጠዋት ለብ እስኪል ድረስ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት።